ካርዱን ከክፍል ላወጣችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ለግቢያችን ሠራተኞች፣ ለጎረቤቶቻችን በሙሉ፤

የቅድመ አንደኛ ክፍላችን በሥዕል ካርድ፣ ማለትም ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል ወይም ፎቶ የያዘ ካርድ በመስጠት፣ መግባባት ከጀመረ የመጀመሪያው ዓመት በሰላም ተጠናቋል። ኦቲዝም ያለባቸው፣ መስማት የተሳናቸውና ገና አፋቸውን ያልፈቱ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሰኔን አይተዋል። ለዚህ ያበቃን የእናንተ እጅ ነውና ማን ምን እንዳደረገ ዘርዝረን እናመሰግናለን፤ ዝርዝሩ ለሌላ ክፍል መምህርም ሊጠቅም ይችላል።

መጀመሪያ ፎቶ ላነሣችሁልን ወላጆች። ከኢንተርኔት የወረደ የመስታወት ብርጭቆ ለአራት ዓመት ልጅ ውሃ ማለት አይደለም፤ እሱ ውሃ የሚያውቀው በራሱ ኮዳ ነው። እናንተ ኮዳውን፣ የምሳ ዕቃውን፣ ጫማውን በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ለየብቻው አንሥታችኋል። ነጩ ጨርቅ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አበባ በተጠለፈበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ የተነሣ ፎቶ ሲሰጠው ኮዳውን ትቶ አበባውን የሚያይ ልጅ አለ።

ካርዶቹን ላሳመሩልን የማተሚያ ቤት ልጆች እግዚአብሔር ይስጥልን። እያንዳንዱን 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው፣ በ125 ማይክሮን ፕላስቲክ ሲያሽጉ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጠርዝ ትተውለታል። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር እኩል ከተቆረጠ አፉ ይከፈታል፤ ምራቅና ውሃ ይገባና ቀለሙ ይለቃል። ማዕዘኖቹንም ዓይን እንዳይወጉ ክብ አድርገዋቸዋል። የማያብረቀርቀውን ፕላስቲክ ፈልገው ማምጣታቸው ደግሞ ዓይናቸው ለደከመ ልጆች ትልቅ ውለታ ነው፤ የሚያብረቀርቀው የመስኮቱን ብርሃን ስለሚመልስ ሥዕሉ ይጠፋባቸዋል።

የቀኑ ፕሮግራም ካርዶች የሚለጠፉበትን ሰሌዳ የሠሩልን አናጢ ከልጅ ቁመት ጋር አስተካክለው፣ የላይኛውን ጠርዝ ከወለሉ 110 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቅለውልናል። ከጎኑ «አለቀ» የሚል፣ አፉ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን አለ። ልጁ ያለቀውን ሥራ ካርድ በገዛ እጁ ነቅሎ እዚያ ይከታል። የቀኑን ፕሮግራም በ2 ካርድ ነው የምንጀምረው፦ «አሁን» እና «ቀጥሎ»። ሲለምደው 4፣ ከዚያ 7 ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሰባቱንም መደርደር ልጁን ያስጨንቀዋል እንጂ አያረጋጋውም።

የምልክት ቋንቋ ያስተማሩን መስማት የተሳናቸው እኅታችን ከእጅ ምልክቱ ሌላ ስለ ብርሃንም አስተምረውናል። መምህር ለመስኮት ጀርባውን ሰጥቶ ከቆመ ፊቱ ይጨልማል፤ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ሲያወራም ለእነዚህ ልጆች ዝም እንዳለ ነው። አሁን ልጆቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፣ ብርሃኑም በመምህሯ ፊት ላይ ያርፋል።

የካርድ ልውውጡን ዘዴ የሥነ ልቦና ባለሙያው አንዲ ቦንዲና የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ሎሪ ፍሮስት በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት የጀመሩት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ልጁ የሚወደውን ነገር ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከኋላ ሆኖ የልጁን እጅ ወደ ካርዱ፣ ካርዱንም ወደ ሰጪው እጅ ይመራል። ተራ ገብታችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች ከባዱን ሥራ ሠርታችኋል፤ እሱም ዝም ማለት ነው። «ምን ትፈልጋለህ?» ከተባለ ልጁ ጥያቄ መጠበቅን ይለምዳል፤ ካልተጠየቀ አይጠይቅም። ካርዱ እጅ ላይ እንዳረፈ ዕቃውን ወዲያው መስጠት፣ ስሙንም አንድ ጊዜ መጥራት በቂ ነው። ካርድ ንግግርን ያስቀርብናል ብላችሁ የሰጋችሁም ነበራችሁ፤ ስጋታችሁ ተገቢ ነው፣ ነገር ግን ጥናቶች ካርድ ንግግርን እንደሚገታ አላሳዩም።

አንዲት እናት የሰጡን እርማት ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። በእንግሊዝኛው የዓረፍተ ነገር ሰቅ (ካርዶች በተራ ተለጥፈው ዓረፍተ ነገር በሚሆኑበት ጠባብ ቁራጭ) ላይ «እፈልጋለሁ» የሚለው ካርድ በግራ በኩል፣ መጀመሪያ ላይ ይለጠፋል። እንዳለ ብንወስደው ልጆቻችን «እፈልጋለሁ ዳቦ» ብለው ይለምዱ ነበር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያደርጋልና «እፈልጋለሁ» በሰቁ ቀኝ ጫፍ ተለጠፈ፣ ዳቦው ከፊቱ ገባ። በዚያው መነሻነት «ታጠብ»፣ «ታጠቢ» የሚሉ ጽሑፎችን አንሥተን «መታጠብ» አልን፤ አንዱ ካርድ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ጽሑፉንም ልጁ ሲሰጥ ጣቱ እንዳይሸፍነው ከሥዕሉ በላይ አድርገነዋል።

ካርዱ በመምህር መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከዋለ የልጁ አንደበት ሊሆን አይችልም። በር ላይ የሚቆሙት አባታችንና የወጥ ቤት እናቶቻችን 5 ካርድ በቁልፍ መያዣ ቀለበት ይዘው መዋላቸው ያን ቁልፍ ከፍቶታል፦ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ እማዬ፣ አልፈልግም። የመጨረሻውን ብዙ ቦታ ይረሱታል። እምቢ የሚልበት ካርድ ያጣ ልጅ በጥርሱ ወይም በጩኸት እምቢ ይላል። ዳቦው ሲያልቅ የወጥ ቤት እናቶቻችን የዳቦውን ካርድ ከልጁ አልሸሸጉም፤ ባዶውን መሶብ ከፍተው ያሳዩና «የለም» የሚለውን ካርድ ከጎኑ ያስቀምጡ ነበር። ልጁ ያዝናል፣ ሆኖም እንደተሰማ ያውቃል።

በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው በ2021 እ.ኤ.አ. በሞት የተለዩንን ወይዘሮ ዘሚ የኑስንም በአክብሮት እናስባለን። ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ደብቀው ያኖሩ የነበሩ ወላጆች አደባባይ እንዲወጡ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው።

ክረምቱን ካርዶቹ እርጥበት እንዳያገኛቸው በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ የእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የካርድ ቀለበት ግን ከልጁ ጋር ወደ ቤት ሄዷል። እባካችሁ በቁም ሣጥን አታስቀምጡት፤ እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ ማድ ቤት በር ላይ ስቀሉት። ለመስከረም አዲስ ኮዳ ወይም ጫማ የምትገዙ ካላችሁ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አንሥታችሁ እስከ ጳጉሜን ላኩልን።

የክፍሉ መምህራንና ረዳቶች