ሰለቸኝ ስላልሽው ሥራ

ሚጢዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው «እማዬ፣ ጠዋት ማታ ሰገራ መመርመር ሰለቸኝ፤ ትምህርቱንም ልተወው ነው» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው ደብዳቤ የጻፍኩልሽ።

ወልድያ አካባቢ በነርስነት ስሠራ የመጣ አንድ ልጅ አለ፣ ነግሬሽ አላውቅም። ዓመት ከመንፈቅ ይሆነው ነበር። የክንድ መለኪያውን ስጠመጥምለት ቀዩ ላይ ቆመ። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ፕላምፒ ነት የሚባለውን በኦቾሎኒ የተሠራ አልሚ ምግብ ጀመርንለት። እናቱ የፓኬቱን ጥግ በጥርሷ ቀድዳ ትሰጠዋለች፣ እሱ በሁለት እጁ ይዞ ይመጠምጠዋል። ክብደት ጨመረ፣ መለኪያውም አረንጓዴ ገባ። ደስ ብሎን ሸኘነው። በአምስተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ያው ክንድ፣ ያው ቀይ። «ምን ስታበዪው ከረምሽ?» አልኳት እናቱን። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። አነጋገሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

ብዙ ቆይቶ ነው ባንግላዲሽ ስለተሠራ ጥናት ያነበብኩት። ዳካ ያሉት ዶክተር ታህሚድ አህመድና አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያለው ተመራማሪ ጄፍሪ ጎርደን ከባልደረቦቻቸው ጋር የሕፃናትን ሰገራ ወር በወር ሰበሰቡ። አንቺ ሰለቸኝ ያልሽውን ሥራ ማለት ነው። የጤነኛ ልጅ የአንጀት ባክቴሪያ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል። በምግብ እጥረት የተጎዳው ልጅ ባክቴሪያ ግን ከዕድሜው ወደኋላ ቀርቷል። አልሚ ምግብ ሲበላ ትንሽ ይሻሻላል፣ ምግቡ ሲቆም ተመልሶ ያሽቆለቁላል። ይህ የወጣው በ2014 ነው፣ በፈረንጆቹ። ሳነበው የዚያ ልጅ ክንድ ታየኝ። እናቱ ምንም ላታጠፋ ትችላለች እኮ!

ከዚያ ወደኋላ የቀሩትን ባክቴሪያዎች የሚያሳድግ ምግብ ፈለጉ። ብዙ ሞክረው ያገኙት የሽምብራ ዱቄት፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተርና ጥሬ ሙዝ ነው። ሽምብራ ሚጢዬ፣ የኛው ሽምብራ! ዳካ ውስጥ ሚርፑር በሚባል ሰፈር ከ12 እስከ 18 ወር ለሆኑ 123 ልጆች ሰጡ፤ ለግማሾቹ ይህንን፣ ለግማሾቹ የተለመደውን አልሚ ምግብ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ወር። የአዲሱ ካሎሪ ያንሳል። ሆኖም የተሻለ ያደጉት እሱን የበሉት ናቸው። ደማቸው ውስጥም ለአጥንትና ለአንጎል እድገት የሚያግዙ ፕሮቲኖች ጨምረው ተገኙ። ውጤቱ የወጣው በ2021 ነው።

123 ልጅ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። የኛ ልጅ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ነው የሚበላው፣ አንጀቱ ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። የዳካን ምግብ እንዳለ ገልብጠን አንሰጠውም። እዚህ ያሉትን ልጆች ናሙና ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የአንጀት ባክቴሪያ ነገር አዋቂም ላይ እንዲሁ ነው። ሆላንድ ውስጥ አንቲባዮቲክ ያላቆመው ተቅማጥ ለያዛቸው 16 ሰዎች ጤነኛው ባክቴሪያ እንዲገባላቸው የጤነኛ ሰው ሰገራ በቱቦ ቢሰጣቸው፣ 13ቱ በአንዴ ዳኑ። በ2019 ግን አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ሕክምና አንድ ሰው ሞቷል። የለጋሹ ሰገራ ውስጥ መድኃኒት የማይበግረው ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነበረበት፣ አስቀድሞ አልተመረመረም። የሚመረምረው እንዳንቺ ያለ ሰው ነበር።

ከደከመሽ እረፊ፣ አልቆጣሽም። ንቀሽው እንዳትተዪው ግን እለምንሻለሁ።

ሽሮው ተፈጭቷል። ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ካገኘሁ ሰሞኑን እልክልሻለሁ። ለፋሲካ ስትመጪ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፤ ሽምብራ የሚወዱት ባክቴሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑ ቁጭ ብለሽ ታስረጂኛለሽ።

እናትሽ