ፊልሙ ከመምጣቱ በፊት ወሎ ያውቅ ነበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

«ሊታዩ የሚገባቸው ዘጋቢ ፊልሞች» በሚል ርእስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። ስለ ሌሎቹ ፊልሞች የምለው የለኝም፤ ምርጫችሁ ጥሩ ነው። እኔን የቆረቆረኝ ስለ 1966ቱ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም የጻፋችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ጋዜጠኛው ካሜራውን ይዞ እስኪደርስ ድረስ ረሃቡን ማንም አያውቅም ነበር» ብላችኋል።

እኔ ወልድያ የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። ወላጆቼ የቆቦ ገበሬዎች ነበሩ። ያ ረሃብ ሁለት ታላላቆቼን ወስዷል። እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። በእናንተ አባባል እሷም አታውቅም ነበር ማለት ነው። ልጆቿ መሞታቸውን የነገራት የለንደን ቴሌቪዥን መሆን አለበት!

እስቲ ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ አገር የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1965 የወሎ ገበሬዎች አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው በፖሊስ እንዲመለሱ ተደርገዋል። በዚያው ዓመት የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ድረስ መጥተው፣ ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው፣ ግቢያቸው ውስጥ ለዕይታ አቅርበዋል። በደሴ አውራ ጎዳና የሚያልፍ ተጓዥ ሁሉ መንገድ ዳር የተኮለኮለውን ሕዝብ ያይ ነበር፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ የሚለምነውን ሳያይ ያለፈ ሹፌር አልነበረም። ተራው ሰው ያውቅ ነበር፤ ባለሥልጣኑም ያውቅ ነበር። ያወቀው እንዳይናገር፣ የተናገረውም እንዳይሰማ ተደረገ እንጂ ያላወቀ አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መስሎ ከታያችሁ ስለ ዘጋቢ ፊልም ኃይል ባትጽፉ ይሻላል።

እናቴ ስለዚያ ዓመት ስትናገር ከዝናቡ መቅረት ይልቅ የቆቦን ገበያ ነው የምታነሣው። አባቴ በሬውን እየነዳ ገበያ ሲደርስ ገበያው በሬና ላም ሞልቶት ነበር፤ ሁሉም ሻጭ፣ ገዢ የለም። ጥጃ ሳለ ጀምሮ ያሳደገውን በሬ በተጠየቀው ዋጋ ሰጥቶ፣ በገንዘቡ የገዛውን ማሽላ በአንድ አህያ ጭኖ ተመለሰ፤ ያውም አህያው ሳይከብደው። ማሽላው የቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ቢመጣ እንኳ በምን ያርሳል? እሷን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ደግሞ በዚያው ሰሞን እህል የጫኑ መኪናዎች ከወሎ እየወጡ ሲሄዱ ማየቷ ነው። ይህን የእናት ትዝታ ነው ብላችሁ እንዳታጣጥሉት፣ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የወሎን ረሃብ አጥንቶ የጻፈው ይህንኑ ነው። በአገር ደረጃ የእህል ምርቱ ያን ያህል አልቀነሰም፤ ወሎዬው የሞተው የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው፤ እህልም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ሊቁ በጥናት የደረሰበትን እናቴ በገበያ ቀን ቆማ አይታዋለች። እናንተ ግን ከሁለቱም አልጠየቃችሁም።

ፊልሙ ምንም አልሠራም እያልሁ አይደለም፤ እንዲያውም የምቆጨው የሠራውን ሥራ አሳንሳችሁ ስለጻፋችሁ ነው። በውጭ አገር ሚሊዮኖች ፓውንድ አሰባስቧል፤ ብዙ ነፍስም አትርፏል፤ ለቀረጹት ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው። እዚህ አገር ቤት ግን ሕዝቡ ፊልሙን ያየው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1967፣ በዘመን መለወጫ ምሽት። በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። ያን ምሽት የታየው ፊልም ደግሞ ለንደን ላይ እንደታየው አልነበረም። ደርግ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ ከወሎ ረሃብተኛ ጋር እያፈራረቀ አስገብቶበታል። ሰው ለማትረፍ የተቀረጸ ምስል መንግሥት ለመገልበጥ ዋለ። አንድ ዘጋቢ ፊልም በማን እጅ፣ በምን ቀን፣ ከምን ጋር ተቆራርጦ እንደሚታይ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምን ታሪክ አለ? በጽሑፋችሁ ስለዚህ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። «ፊልሙ ንጉሡን ጣለ» ብላችሁ አለፋችሁ፤ ፊልሙ በራሱ እግር ሄዶ ጣቢያው የገባ ይመስል።

ይባስ ብሎ ከጽሑፉ ሥር «1966» ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶግራፍ የ1977 ነው። የኮረም ሜዳ ነው፤ አውቀዋለሁ። ያኔ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጹት ዘገባ በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው፤ በዚያ ምክንያት የመጣውን የዘፋኞች ዝግጅትና የእርዳታ ጎርፍ ሁሉም ያውቀዋል። በሁለቱ ፊልሞች መካከል አሥራ አንድ ዓመትና አንድ የመንግሥት ለውጥ አለ። ለእናንተ የተራበ ወሎዬ ሁሉ አንድ ሆኖባችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱን አላደባልቅም፤ በ1966ቱ የሞቱትን ታላላቆቼን አላየኋቸውም፤ በ1977ቱ ግን ነፍስ ያወቅሁ ልጅ ነበርሁ። አጎቴ በዚያ ዓመት ለሠፈራ ወደ መተከል ተጭኖ ሄደ፤ ይሙት ይኑር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ያን ጊዜም «ማንም አያውቅም ነበር» ልትሉ ነው? የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ራሱ ለጋሾችን ሰብስቦ ያስጠነቀቀው በመጋቢት 1976 ነው፤ ካሜራው ኮረም ከመድረሱ ወራት ቀድሞ። በመስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ሕዝቡ እየረገፈ ነበር። የወሎን ሬሳ በቴሌቪዥን አሳይቶ ሥልጣን የያዘው መንግሥት፣ በተራው የወሎን ሬሳ ከቴሌቪዥን ሸሸገ። ይህን ጉድ ሳያነሡ ሁለቱን ፊልሞች ማወደስ ምን ይባላል?

ቁጣዬ የበዛ ከመሰላችሁ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኮሌጅ ስገባ የአገሬን ስም በጠራሁበት ቀን «ሰባ ሰባት» የሚል ቅጽል ስም ወጣልኝ፤ እስክመረቅም አልተፋቀም። ያ ስም የመጣው ከነዚሁ ምስሎች ነው። ምስሉ ዓለምን ዞረ፤ ከምስሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ስምም፣ ሙያም፣ መንደርም የሌላቸው ሆነው ቀሩ። ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ አዝመራ ሲያምር ደግሶ የሚያበላ ሰው እንደነበሩ ከፊልሙ አይታወቅም። እናንተም በዚያ ሁሉ አምድ ውስጥ አንድ የወሎ ሰው አላናገራችሁም። «ወሎ» የሚለው ስም እንኳ አልተጻፈም፤ «ሰሜናዊ ኢትዮጵያ» ብቻ። ከዚህ በፊትም ስለ ራያ በወጣ ዘገባ ላይ እርማት ልኬላችሁ መልስ አላገኘሁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የፎቶግራፉን ዓመተ ምሕረት አርሙ። ያችን ዓረፍተ ነገር አውጡና ገበሬዎቹ ከአዲስ አበባ መመለሳቸውን ጻፉበት። ከዚያ በኋላ እነዚህ ፊልሞች በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦና በኮረም አዳራሽ፣ ዕድሜ ጠገቦች ባሉበት እንዲታዩ ጋዜጣችሁ ይጠይቅልን፤ እኛ ብንጠይቅ የሚሰማን የለም። ያን ዘመን ያለፉት አባቶችና እናቶች እያለቁ ነው። ፊቶቹን አይተው «ይሄ የእገሌ ልጅ ነው፣ ይቺ የእንትን መንደር ናት» የሚሉት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ካለፉ በኋላ ይህን የሚሞላ ተመራማሪ ከየትም አይመጣም። ዘጋቢ ልትልኩ ከፈቀዳችሁም እናቴ ቤት ቡና አለ፤ ስለ ቆቦ ገበያ የምትነግረው ለአንድ ዕትም አይበቃም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከወልድያ