ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሥዕሎች በእጃችን እየተበላሹ ነው

ለአዘጋጁ፦

ባሕር ዳር ውስጥ ሸራ በመወጠርና ሥዕል ፍሬም በማስገባት የምንተዳደር ነን። የሕግ ታራሚዎች ያለ አስተማሪ የሣሏቸው ሥዕሎች በባዛር ተሽጠው ወይም በቤተሰብ በኩል ወጥተው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ብዙዎቹ ተጎድተዋል። ችግሩ ከሠዓሊው ችሎታ አይደለም፤ በበጎ ፈቃድ ከሚገባላቸው ዕቃና ከወጣ በኋላ ካለው አያያዝ ነው።

ለጋሽ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ዘይት ቀለም ነው። ቲነር ተቀጣጣይ ስለሆነ ፍተሻው ላይ ይቀራል፤ ቀለሙ በምግብ ዘይት ይቀጥናል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ዓመት ቢቆይም አይደርቅም፤ ሥዕሉ ሲጠቀለል ፊቱ ከጀርባው ይጣበቃል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይግባላቸው። ዓይነት ከማብዛት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቁር ይበቃሉ፤ ነጩ ግን እጥፍ ይሁን፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

ሸራ ውድ ነው ለሚል አቡጀዲ አለ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የምናያቸው ሥዕሎችም ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። አቡጀዲው መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የፋብሪካ አሚዶውን ይልቀቅ፤ አለዚያ ኮላው አይዘልቀውም። ከተወጠረ በኋላ 1 እጅ ነጭ ኮላ በ3 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይቀባና ይደር። በማግስቱ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ አንዱ በቁመት፣ ሌላው በአግድም። በኮላ ፈንታ የዱቄት ሙጫ መቀባት እዚህ ሐይቅ ዳር ከንቱ ድካም ነው፦ ክረምት ሲገባ ይሻግታል፣ የተረፈውን በረሮ ይበላዋል።

ዕቃ ማነሱ ሥራውን አያሳንሰውም። አሜሪካዊው ጄሲ ክራይምስ እስር ላይ ሳለ የጋዜጣ ምስሎችን በፀጉር ጄልና በማንኪያ እየፈተገ 39 አንሶላዎች ላይ አሳርፏል።

በእስክሪብቶ የተሣለውን ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ከመስኮት ይራቅ። ላሚኔት አይደረግ፣ መመለሻ የለውም። አቡጀዲ ላይ የተሣለው ሲጓጓዝ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ቱቦ ላይ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ይሰነጠቃል። ፍሬም ቤቶች ደግሞ ወረቀት ላይ የተሣለውን ቺፕውድ ላይ በኮላ የመለጠፍ ልማድ አላቸው። ጀርባውን ገልብጦ ያየ ግን ጥቂት ነው! ቀን፣ ለልጅ የተጻፈ መታሰቢያ፣ አንዳንዴ ሙሉ ደብዳቤ አለበት። ወረቀቱ ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ፤ በእሱና በመስታወቱ መካከልም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፣ አለዚያ እርጥበት ያጣብቃቸዋል።

የባዛር አዘጋጆች ለጠረጴዛ ሙሉ ሥዕል «የታራሚዎች ሥራ» የሚል አንድ ወረቀት ይለጥፋሉ። ሠዓሊው ከፈቀደ ስሙ በእርሳስ ከጀርባ ይጻፍለት፤ ካልፈቀደ የራሱ ምልክት ይበቃል። ዋጋው ሲለጠፍም ስንቱ ለእሱ እንደሚደርስ አብሮ ይጻፍ።

ሸራ ወጣሪዎችና ፍሬም ሠሪዎች፣ ከባሕር ዳር