ሚክሰር ወይስ ሁለት ቧንቧ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቤት ሠርተው ወደ ማጠናቀቂያው የደረሱ ወዳጆቼ ደጋግመው ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች አንዱ፣ ለመታጠቢያ ቤት ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ በአንድ አፍ የሚያፈሰው ሚክሰር ይሻላል ወይስ ሁለቱ ለየብቻ የሚከፈቱበት የድሮው ዓይነት ቧንቧ የሚል ነው። አብዛኞቹ የሚወስኑት መርካቶ ሱቅ ውስጥ ቆመው፣ መልኩንና ዋጋውን አይተው ነው። በራሴ ቤት ከደረሰው ተነሥቼ እንደምረዳው ግን፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሁለቱ ውሃዎች ከየት ተነሥተው እንደሚመጡ ነው።

ሁለቱን ቧንቧ ለያይቶ መትከል በተለይ የእንግሊዞች ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ነገሩ ግትርነት ብቻ አልነበረም። በቀድሞ ቤቶቻቸው የሚጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ ከከተማው መስመር ሲገባ፣ ሙቁ ግን ጣሪያ ሥር ከተቀመጠና ብዙ ጊዜ በወጉ ካልተከደነ ታንከር ይመጣ ስለነበር፣ አቧራና ነፍሳት ሊገቡበት የሚችለው ውሃ ከንጹሑ ጋር እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ላይ የሁለቱ ግፊት አይመጣጠንም። የያኔው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል እንኳ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ሞስኮ ሲሄዱ፣ ባረፉበት ቤት ሙቁና ቀዝቃዛው ተቀላቅሎ በአንድ አፍ ሲወርድ አይተው ወደውታል።

የብዙ አዲስ አበቤ ቤት ዛሬ ከዚያ የእንግሊዝ ቤት ብዙም አይርቅም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ሮቶ እንሰቅላለን፤ ቦይለሩን ከሮቶው እናጠጣዋለን፤ ቀዝቃዛውን ግን አንዳንድ ሠራተኛ ቧንቧ ለመቆጠብ ሲል በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ይቀጥለዋል። የእኔም ቤት የተሠራው እንዲህ ነበር። አንድ ምሽት ውሃ ጠፍቶ ሳለ ከቤተሰቡ አንዱ የሻወሩን ሚክሰር መሐል ላይ ከፍቶ፣ ውሃውን የእጅ ሻወሩ ጫፍ ላይ ባለው መዝጊያ ብቻ ዘግቶ ተወው። ሌሊት የመንገዱ ውሃ በኃይል ሲመጣ መውጫ አጣ፤ ስለዚህ በሚክሰሩ በኩል ወደ ሙቁ መስመር ተሻገረ፣ ቦይለሩን አልፎ ሽቅብ ወጣና ሮቶውን ከሥሩ ሞላው። የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ የሚዘጋው ከላይ የሚገባውን ውሃ ስለሆነ ምንም ሊረዳን አልቻለም። ሲነጋ ግቢው ኩሬ ሆኖ ነበር፤ የውሃ ሒሳቡን ሳልናገር ልለፈው። በቦይለሩ መግቢያ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው፣ ባለሙያዎቹ ‹ኖን ሪተርን› የሚሉት ቫልቭ አልተገጠመም ነበር፤ እኔም ሥራውን ስረከብ አልጠየቅሁም። ሙቁና ቀዝቃዛው ለየብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ሌላው የሚክሰር ችግር ድምፅ የለውም፤ የሚታየው በመብራት ሒሳብ ላይ ነው። እጀታው መሐል ላይ ከቆመ፣ እጁን ለአፍታ የሚለቀለቅ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ከቦይለሩ ሙቅ ውሃ ይስባል። ውስጡ 15 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በየ10 ሜትሩ 1.8 ሊትር ያህል ውሃ ስለሚይዝ፣ ሙቁ እጃችን ላይ ሳይደርስ ታጥበን እንጨርሳለን፤ የተሳበውም ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ይቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 0.05 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አምስት ሰዎች በቀን አራት አራት ጊዜ ቢታጠቡና በየጊዜው አንድ ሊትር ቢሳብ፣ ማንንም ያላሞቀ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በየቀኑ ይባክናል። ቀዝቃዛው የራሱ መክፈቻ ሲኖረው ግን ሰው ሙቁን የሚነካው ሲፈልገው ብቻ ነው።

በጥገናም የድሮው ቧንቧ ይቀናል፤ ሲያንጠባጥብ ርካሽ ጎማ ቀይሮ መዝጋት ነው። ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ግን ካርትሪጅ የሚባለውን፣ ውሃውን ከውስጥ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ ይፈልጋል፤ መጠኑ 35 ነው ወይስ 40 ሚሊሜትር እያሉ ሱቅ ለሱቅ መዞር አለ። ከፈረቃ በኋላ ቀድሞ የሚመጣው ደለልና ዝገት ያዘለ ውሃም የውስጡን የሴራሚክ ክዳን ይጭረዋል።

ይህን ሁሉ ብዬም ሚክሰሬን አልነቀልሁትም። ምክንያቴ የአስተጣጠባችን ልማድ ነው። ሁለት ቧንቧ የተመቸው ለእንግሊዛዊው ነው፤ እሱ መታጠቢያውን በክዳን ደፍኖ ውሃውን እዚያው ቀላቅሎ ይታጠባል። እኛ በቆመ ውሃ መታጠብ ይቀፈናል፤ ለእንግዳ እንኳ ውሃው በማስታጠቢያው ውስጥ ለብ ተደርጎ ነው ከላይ የሚፈስሰው። ሚክሰር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለት ቧንቧ ባለበት አንዱ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይለበለባል፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ስለሚያቃጥል ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ቀላል ነገር አይደለም። የቦይለሩን ሙቀት በጣም መቀነስም አይመከርም፤ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ይራባል።

ስለዚህ ለሻወር ሚክሰር ይሁን እላለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ሮቶ ይውረዱ፣ ቫልቩም ይገጠም። ለእንግዶች የእጅ መታጠቢያ ቀዝቃዛ ቧንቧ ብቻውን ይበቃል፤ እኔም እንደዚያ አድርጌያለሁ። የቤት ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎች ደግሞ የቧንቧውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ሙቁና ቀዝቃዛው ከየትኛው ምንጭ እንደሚነሡ በሥዕሉ ላይ በግልጽ ቢጽፉልን፣ ባለቤቱ ግድግዳው ተለስኖ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ማረጋገጥ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ