የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የክስ መዛግብትና የሕይወት ታሪክ ሰነዶች ለማሰባሰብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የክስ መዛግብት፣ መግለጫዎችና የሚያውቋቸውን ሰዎች ምስክርነት ሰብስበን፣ በዲጂታል ቅጂ አስቀምጠን ለተመራማሪም ለተማሪም በነፃ ክፍት ለማድረግ የተነሣን በጎ ፈቃደኞች ይህን ጥሪ በአክብሮት እናቀርባለን።

የጂኦግራፊ መምህሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወደ ሰብአዊ መብት ትግል የመጡት በረኀብ ጥያቄ በኩል ነው ብለን እናምናለን። የኢትዮጵያ ገበሬ ለምን እንደሚራብ ለዓመታት አጥንተው፣ ጥፋቱ የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ገበሬውን መከላከያ አሳጥቶ ያራቆተው ሥርዓትም መሆኑን አስረድተዋል። በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባዔን (ኢሰመጉን) ሲመሠርቱ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። ጉባዔው በመደበኛና በልዩ መግለጫዎቹ የተገደሉትን፣ የታሰሩትንና ደብዛቸው የጠፋውን ሰዎች እየመዘገበ ለሕዝብ አሳወቀ። ይህ ሥራ ሕይወት አስከፍሏል፤ የጉባዔው የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልና ከመምህራን ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል።

ፕሮፌሰር መስፍን በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአመፅ አነሣሥተዋል ተብለው ከዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጋር ታስረው በዋስ ወጡ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች ጋር ሲያዙ ግን የ75 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል ለመናድ ከመሞከር አንሥቶ ከባድ ክሶችን አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ ከቀናት በኋላ፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። በእኛ አመለካከት የዚህ ክስ መዝገብ፣ ማለትም ክሱ፣ የማስረጃው ዓይነት፣ ብይኑና ፍርዱ፣ ስለ አገራችን ፍትሕ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራል፤ ስለዚህም የሥራችን እምብርት እሱ ነው።

ጊዜ ግን አይጠብቀንም። እሳቸው በመስከረም 2013 ዓ.ም. አርፈዋል፤ አብረዋቸው የሠሩት እያረጁ ነው፤ በፋክስ ወረቀት የታተሙ መግለጫዎች ጽሑፋቸው እየደበዘዘ ነው።

ከራሳችን ወገን መዋጮ የምንጠይቅበት ምክንያትም ከዚሁ ታሪክ የተወሰደ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ሲከለክል፣ የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ አብዛኞቹ ቅርንጫፎቹም ተዘጉ፤ የአገር ውስጥ መዋጮ ክፍተቱን ሊሞላው አልቻለም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ቢሻርም፣ የተሟጋቾቻችንን ታሪክ የመጠበቅ ወጪ በሌሎች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል አንፈልግም።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሰነድ ማንሻ መሣሪያ፣ ለድምፅና ምስል ቀረጻ፣ ለመዛግብት ቅጂ ክፍያ እንዲሁም ለቅጂዎቹ ማስቀመጫ ይውላል። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ ነው፤ 50 ብርም ሆነ 5,000 ብር ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የሒሳብ መግለጫም በየሦስት ወሩ ለለጋሾች ይላካል። ከፖለቲካ ፓርቲም ሆነ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ አንቀበልም።

ገንዘብ ማዋጣት ያልቻላችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የድሮ ጋዜጣ ወይም የካሴት ቅጂ አውሱን፤ ቅጂውን አስቀርተን ዋናውን እንመልሳለን። ስሙ እንዳይገለጽ የሚፈልግ ምስክር ፍላጎቱ በጽሑፍ ስምምነት ይጠበቅለታል።

አሰባሳቢ ኮሚቴው