በቆጠራ ያልጎደለ ዕቃ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ አንድ ሥራ አስኪያጅ «የዛሬ ሠራተኛ ካልተቆጡት አይሠራም» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። እኔ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ አላውቅም። ለ22 ዓመታት የሠራሁት በተሽከርካሪ መለዋወጫ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት አምስት አለቆች ተፈራርቀውብኛል። የሁለቱን ልንገራቸውና ይፍረዱ።

የመጀመሪያው ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ፣ ከሁላችንም ዘግይተው ይወጣሉ። የፊርማ መዝገቡ ከጠረጴዛቸው አይለይም፤ ሰዓቱ ሲሞላ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምሩበታል። ከመስመሩ በላይ የፈረመ ሰው ቀኑን ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቀው ግን አያውቁም።

በአንድ ዓመት ቆጠራ ባልደረባዬ አሥራ ሁለት ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ጎድሎ አገኘች። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ 48 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 36 ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ቆጠረች፣ እንደ ደንቡም ሪፖርት አደረገች። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስበው «የት አደረግሽው?» አሏት። ሌላ ጊዜ «እርስዎ» ይሏት ነበር። ዕቃው የት ሄደ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ አሥር ዓይነት መልስ ይገኝ ነበር፤ «የት አደረግሽው» ለሚል ጥያቄ ግን ሰው ዝም ከማለት ወይም ከማልቀስ በቀር ምን ያደርጋል? እሷ ዝም አለች። ዋጋው ከደመወዟ ተቆረጠ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈባትና ግልባጩ ከግል ማህደሯ ገባ።

ከዚያ በኋላ ቆጠራችን አማረ። ለአራት ዓመት አንድ ብሎን አልጎደለም። ምክንያቱን አሁን ልናገር፤ ጡረታዬም ደርሷል። ካርዱን እያየን ነበር የቆጠራ ቅጹን የምንሞላው። ትርፍ ያገኘሁ እንደሆነ በካርቶን አድርጌ ከኋላ መደርደሪያ እሸሽገዋለሁ፤ አንድ ቀን ለሚጎድለው መሸፈኛ ይሆነኛል። ሰነፍ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ። በሕይወቴ የዚያን ጊዜውን ያህል ለፍቼ አላውቅም። የትኛው ካርቶን ውስጥ ምን እንደደበቅሁ በቃሌ አጠና ነበር! በዚህ መሐል የጋራዡ ሰው ካርድ ላይ «አለ» የተባለ ዕቃ ሊወስድ መጥቶ ባዶ መደርደሪያ ያገኛል፤ ተሽከርካሪው ቆሞ ይሰነብታል፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ ጋራዡ በስንፍና ይወቀሳል። እኛም አብረን እናጨበጭባለን።

ሥራ አመራር የምታጠናው ልጄ ይህን ስነግራት ሳቀችና ስለ አንዲት አሜሪካዊት ተመራማሪ አጫወተችኝ። ኤሚ ኤድመንድሰን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የሚፈጸመውን የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ስታጠና፣ በደንብ ተግባብተው የሚሠሩት ቡድኖች ስህተታቸው ያንሳል ብላ ጠብቃ ነበር። ቁጥሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነባት፤ ጥሩ አለቃ ያላቸው ክፍሎች ብዙ ስህተት አስመዝግበው ተገኙ። ነገሩ ሲጣራ እነዚያ ክፍሎች ስህተታቸውን ደፍረው የሚናገሩ ሆኑ፤ አለቃ በሚፈራበት ክፍል ስህተቱ ከመዝገብ ሳይገባ ይቀራል። ያ ንጹሕ መዝገብ የእኛን ቆጠራ አስታወሰኝ።

ሁለተኛዋ አለቃ የመጡት ከሌላ ክፍል ተዛውረው ነው። ቆጠራ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቅጹን ሞልተን እናመጣላቸዋለን ብለን ስንጠብቅ ጋውን ለብሰው ወረዱ። መሰላሉ ላይ የወጡት ራሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ካርዱን እንዳላይ ደግሞ ቆልፈውበታል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ከካርዱ ጋር ስናመሳክር በ41 ዓይነት ዕቃ ላይ ልዩነት ተገኘ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አዩት፣ አዩትና «ጎሽ! ዛሬ ገና ቆጠርን» አሉ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ሐሳቤ «ምን አስበውብኝ ይሆን?» የሚል ነበር። የለመደ ፍርሃት በአንድ «ጎሽ» አይለቅም። ካርቶኖቹን አውጥቼ ያሳየኋቸው ከሳምንት በኋላ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ዳግመኛ አላነሱብኝም።

ከዚያ በየዕቃው «ስህተቱ የሚገባው በየት በኩል ነው?» እያሉ የወጪ ሰነዶቹን አስወጡን። ኩሽኔታው ላይ ስንደርስ ነገሩ ተገለጠ። ጋራዡ የሚጠይቀው በጥንድ ነው፤ እኛ ከካርዱ የምንቀንሰው በነጠላ። የዚያን ዓመት ሰነድ ከማህደር አስወጥተን ደመርን። 12 ጥንድ ወጥቷል፣ ካርዱ ላይ የተቀነሰው 12 ነው። ባልደረባዬ የከፈለችባቸው ኩሽኔታዎች ማንም ሳይሰርቃቸው ጎማ ውስጥ ሲሽከረከሩ ነበር የከረሙት። በቅጹ ላይ «መለኪያ» የሚል አንድ ዓምድ ተጨመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከ41ዱ የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ጸሐፊው ሥራ አስኪያጅ «ይህ ልስላሴ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ከመኪና ሥራ ሳልወጣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በካሊፎርኒያ ግዛት ፍሪሞንት ውስጥ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሠራተኛው ከሥራ በመቅረትና ከአለቃ ጋር በመጣላት የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው «አስቸጋሪ» የተባሉት ሠራተኞች ነበሩ። ሥራው አልላላም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሴኮንድ ተለክቶ የተሰጠ ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው፦ ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል፣ ገመድ ሲሳብ ደግሞ አለቃው የሚመጣው ለማገዝ ነው። ከሥራ የሚቀረው ሰው ቁጥር እጅግ ቀነሰ፣ የመኪናው ጥራትም ተሻሻለ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ስንፍናቸው የት ገባ?

ሁለተኛዋን አለቃ መልአክ አድርጌ እንዳልስላቸው አንድ ነገር ይቀረኛል። የኩሽኔታው ምስጢር በተገለጠ ጊዜ ባልደረባዬ ክፍሉን ከለቀቀች ቆይታ ነበር፤ አሁን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ትሠራለች። የተቆረጠባት ይመለስ፣ ደብዳቤውም ይነሳላት ብዬ ጠየቅሁ። «ያለፈ ነገር ነው፣ የእኔም ውሳኔ አልነበረም» አሉኝ። አሁን አዳዲስ ልጆች ተቀጥረው ልዩነት ሲያገኙ መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እኔ ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብናገር ምን ይመጣብኛል?» ይሉኛል። ተናገሩ እላቸዋለሁ። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ከማህደሯ አልወጣም፤ ልጆቹም ይህንን ያውቃሉ።

አንዲት የግምጃ ቤት ሠራተኛ