ለፋሲካ በግ አልገዛሁም

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ለበግ ብለሽ የላክሽው ብር ደርሶኛል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምትከራከሪኝ ነው። በግ አልገዛሁም። ከሰፈር ሰዎች ጋር ቅርጫ ገብተናል። የፋሲካ ለት በጠዋት በሬው ይታረዳል፣ መደብ ይመደባል፣ ዕጣ ይወጣል። አባትሽ ሁዳዴው ሳይጋመስ ቢላ መሳል ጀምሯል። የተረፈውን ብር አንቺ ከመሄድሽ በፊት በከፈትሽው የባንክ ደብተር አስገብቼልሻለሁ።

ባለፈው "ጫማዬ አፉን ከፈተ፤ ግድ የለም፣ ይቆይ" ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስልኩን እንደዘጋሁ የወንድምሽን አሮጌ ደብተር አውጥቼ አንድ ወር ሙሉ የማወጣውን ስጽፍ ከረምኩ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያው ሲለቀቅ ትዝ ይልሻል? 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ገደማ 100 ብር ተሻገረ። ያንቺም ድርሃም አብሮ ወጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያው ድርሃም፣ ብዙ ብር! በዚያው ሰሞን የሳሎኑን መጋረጃ ቀየርኩ። ከዚያ ዘይቱም ጤፉም ቀስ እያለ ተከተለ። መጋረጃው እንደተሰቀለ አለ።

ደብተሩ ላይ ያየሁት አሳፈረኝ። ለሆዳችን የወጣው ግማሽ አይሞላም። ሌላው ለሰው ዓይን ነው። ማኛ ጤፍ የምገዛው ለምን መሰለሽ? ልጇ ዓረብ አገር ያለች ሴት ሰርገኛ ስታስፈጭ ብትታይ ምን ይባላል ብዬ። ለጎረቤት ልጅ ሰርግ የሰጠሁትንማ አልነግርሽም፣ ትቆጫለሽ። አንቺ እዚያ በተቀደደ ጫማ የሰው ቤት ትጠርጊያለሽ፤ እኔ እዚህ ባንቺ ላብ እኮራለሁ።

አሁን ሰርገኛ ነው የምበላው። ማሽላ ቀላቅዬም ሞክሬ ነበር። አባትሽ አንድ ጊዜ ጎርሶ ዝም ብሎ አየኝ። ተውኩት። እድሩን አልነካሁም፤ እሱ የሚነካ አይደለም።

ከሁሉ የገረመኝ የቡናው ነገር ነው። ቡና እንዴት እንደተወደደ ሰምተሻል። እናም አራት ሴቶች ሆነን በተራ እናፍላ ተባባልን። ዛሬ እኔ ጋ፣ ነገ እትዬ ጋ። ቁርሱም ቆሎ ብቻ፤ ዳቦ ያመጣች ትቀጣለች። ለመቆጠብ ብለን የጀመርነው ነገር ነው። ግን ከግቢያችን ጀርባ ያለችው ሴትዮ ልጇ ከሥራ ከወጣ ወራት እንደሆነው የሰማሁት እዚያ ነው። አጥር ብቻ ነው የሚለየን፣ አላውቅም ነበር። የሷ ተራ ሲደርስ ቡናውን አንዳችን ቀደም ብለን በኩባያ እናቀብላታለን። እሷ ቤት ይፈላል፣ ጭሱም ከሷ ቤት ይወጣል። ማታ ስጸልይ ድሮ የጎደለኝን ነበር የምዘረዝረው። አሁን በመጀመሪያ የምጠራው እነዚህን ሴቶች ነው። አንቺን ከጠራሁ በኋላ ማለቴ ነው።

እና የኔ ሆድ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግማሹን ብቻ ላኪ። ለአባትሽ መድኃኒትና ለአስቤዛ ይበቃናል፤ ደብተሩ ላይ ደምሬዋለሁ። የቀረውን እዚያው በስምሽ አስቀምጪ። "ለእናቴ ካልላክሁ" ብለሽ እንዳታለቅሺ። ልከሽልኛል። ቤቱ ሲያፈስ ቆርቆሮውን ያስቀየርሽው አንቺ ነሽ። ዝናብ በመጣ ቁጥር አባትሽ ወደ ላይ እያየ ይመርቅሻል።

መጀመሪያ ግን ጫማ ግዢ። ገዝተሽ፣ አድርገሽው፣ ፎቶ ላኪልኝ። ፎቶው ካልመጣ ስልክሽን አላነሳም። አነሳለሁ፣ ግን ተቆጥቼ ነው።

እናትሽ